ስፒከሩ ውስጥ የተቀመጠው ካሴት

የቤተ ሙከራችን ፓምፕ አየሩን ከብረቱ ጋን መምጠጥ ሲጀምር «ሽሽሽ» ይላል፤ ባልደረቦቼ ለምደውት አይሰሙትም፣ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ሶዶ ያለው የቆርቆሮ ቤታችን ትዝ ይለኛል።

እናቴ የሞተችው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። የቀረን ነገር ቤሌ ከተማ በተደረገ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ስትዘምር የተቀዳ አንድ ካሴት ነበር። አባቴ ክሩ እንዳያልቅ እየሰሰተ በዓመት አንዴ፣ ለጊፋታ፣ ዘመድ ለዘመን መለወጫው ሥጋ ሲሰበሰብ ብቻ ያጫውተው ነበር። በበጋ «አባ፣ ትንሽ ልስማት» ስለው «ያልቃል፣ ልጄ» እያለ ይመልሰኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ ጣሪያችን ያፈስ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ስፒከር በላስቲክ ተጠቅልሎ እኛ ቤት ያድር ስለነበር፣ አባቴ አንድ ክረምት ከቤቱ ሁሉ ደረቁ ቦታ ይሄ ነው ብሎ የጀርባውን ክዳን ፈታና ካሴቱን ውስጡ ያለው ክብ ማግኔት ላይ አስቀምጦ መልሶ ዘጋው። በዘዴው ደስ ብሎት ነበር።

መስከረም ላይ ዘመድ ሁሉ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ከቴፑ የወጣው «ሽሽሽ» ብቻ ነበር። አባቴ ካሴቱን ገለበጠው፣ ቴፑን ከፍቶ በአልኮል ጠረገው፣ ደግሞ ሞከረ። አክስቴ በመጨረሻ «ድምፅዋን ይዛው ሄዳለች፣ ተዋት» አለችው። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ለማን ብሎ ነበር የቆጠበው?

ዛሬ የምንሠራው ሆዱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ቆዳው ግን የሚያሳልፍ እጅግ ስስ ንጣፍ ነው። በቆዳው የሚያልፉት ኤሌክትሮኖች በራሳቸው ሽክርክሪት ከላይ የተነባበረውን ትንሽ ማግኔት ገፍተው ይገለብጡታል፤ መረጃ የሚጻፈው እንዲያ ነው፣ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ባለፈው ጊፋታ ይህንን ለአባቴ አስረዳሁት።

«ታዲያ ምን ያጠፋዋል?» አለኝ።

«ብርቱ ማግኔት ከተጠጋው ይጠፋል።»

እኛው ቤት ቀርቶ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣውን ያንን አሮጌ ስፒከር ዞር ብሎ አየና «እኔ ነኛ» አለ። ካሴቱን ያጠፋው የስፒከሩ ማግኔት መሆኑ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነበር የገባኝ፤ ለእሱ ያን ቀን ገባው። አይ አላልኩትም።

ያኔ በቤታችን የነበረው አንድ መዝሙር ነው፣ እሱም ያልቃል እየተባለ ተሰስቶ ኖረ። ዛሬ ከጥፍሬ በምታንስ ቁራጭ ላይ የሶዶ መዝሙር ሁሉ ይገባል፣ ማንም አይሰስትለትም። የእናቴን ድምፅ ለማስታወስ ስሞክር ግን ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ያው «ሽሽሽ» ነው።