የፊተኛው ረድፍ ጭብጨባ

እስር ክፍሉ ውስጥ እንደገባሁ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ኃላፊው ነበር። ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ኮቱ ከትከሻው ይሰፋል፤ ክራቫቱን ወስደውበታል፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ጸጉሩን ለማሸበት የነሰነሰው ነጭ ፓውደር በላብ ርሶ ግንባሩ ላይ ደርቋል።

ኃላፊ ስል የእውነት ኃላፊ አይደለም። ተዋናይ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሶዶ አዳራሽ በታየው ቴአትር የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተጫውቶ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ከመድረክ ጀርባ የተያዘ ሰው። እኔን የያዙኝ ሰኞ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ መስሎ ቆየና "አስተያየት ሰጪው አንተ ነህ?" አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ማዕረግ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ደስ ሊለኝ ትንሽ ቀረው።

ቴአትሩ ቀላል ነበር። ከገሱባ በኩል የመጣ ገበሬ በመሬቱ ጉዳይ ቢሮ ይመላለሳል። ኃላፊው አቤቱታውን ይሰማል፤ መነጽሩን ያወልቃል፤ በክራቫቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ይወለውላል፤ መልሶ ያደርገዋል። ከዚያ "ሂደት ላይ ነው" ይላል። በቃ። ገና መነጽሩን ሲያወልቅ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በከተማችን መነጽሩን በክራቫት የሚወለውል አንድ ትልቅ ሰው ነበረ፤ ያ ሰው ደግሞ የዚያን ቀን ከእንግዶቹ ጋር ፊት ረድፍ ላይ፣ የታሸገ ውኃ ተደርድሮለት ተቀምጦ ነበር።

ሲያልቅ መድረክ መሪው እንደ ወትሮው ማይክራፎን ይዞ ወረደና "አስተያየት ያለው" አለ። እኛ ጋ በዚህ ሰዓት የሚባለው የታወቀ ነው። አዘጋጆቹ ይመሰገናሉ፣ የድምፅ ማጉያው ይወቀሳል፣ "አስተማሪ ቴአትር ነው" ተብሎ ይቀመጣል። እኔ ግጥምን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከተቀደደ መጽሐፍና ከሬዲዮ የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልኝም። ተነሣሁ።

"ሁለተኛው ክፍል ረዝሟል" አልኩ። "ተዋናዩ ግን ጎበዝ ነው። ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፊት ረድፉን ይመልከት። አዳራሹ ሁሉ ሲስቅ እነሱ አልሳቁም።"

ማይክራፎኑ እጄ ላይ እንዳለ ጠፋ።

እስር ክፍሉ ውስጥ ተዋናዩ ቀና ብሎ ትንሽ አየኝ።

"ሁለተኛው ክፍል ረዝሟል ያልከው አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እሱ የደራሲው ጥፋት ነው" አለና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ሲሚንቶው እርጥብ ነው። ጥግ ላይ ክዳኑ የማይገጥም ባልዲ አለ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለችው አምፖል ቀንም ሌትም አትጠፋም። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ ከተበላ ከተማ የመጣ የከብት ነጋዴ ነበር፤ ሆዱ እንጂ ድምፁ ያልከሳ ሰው። ተዋናዩን "ክቡር ኃላፊ" ይለዋል።

"ክቡር ኃላፊ፣ የእኛ ምሳ የት ደረሰ?"

"ሂደት ላይ ነው።"

ይስቃሉ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ።

አንድ ጠዋት ከየቤቱ የመጣውን ቂጣና ዳጣ አንድ ላይ አድርገን ስንበላ ካቦው ድንገት ጉርሻውን ይዞ ቀረ።

"ቆይ፣ ቆይ! ተበላ ገበያ ላይ አጎበር ሽጦ አረቄ የጠጣው ባል አንተ አይደለህም?"

ተዋናዩ ፈገግ አለ። "የወባ ዘመቻ ነበር። ለጤና ቢሮ ነው የሠራነው።"

"እኛማ የእውነት መስሎን! አንዲት ሴት በከዘራ አልመታችህም?"

ተዋናዩ ጎንበስ ብሎ ፓውደሩን በጣቱ ገለል አደረገና አናቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየን። "ሽልማቴ ይህ ነው። ሌላ ዋንጫ የለኝም።"

"በመጨረሻ ግን አልቅሰሃል። እኔ ራሴ አዝኜልህ ነበር። ያ እንባ የእውነት ነው?"

"ወንድሜ፣ እንባ ምን ያስቸግራል? ገበያ ላይ ከሆነ ፀሐይዋን፣ አዳራሽ ከሆነ አምፖሉን ዓይኔን ሳልጨፍን አያለሁ። ራሱ ይመጣል። ሰው ተጸጸተ ይላል።"

ካቦው ቂጣውን አስቀመጠ። "እኔ እኮ ያን ቀን ለሚስቴ አጎበር ገዝቼ ገባሁ" አለ፤ እንደተታለለ ሰው።

በማግስቱ እኔ ተጠራሁ። መርማሪው ወጣትና ጨዋ ነበር። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ መስተዋት የሌለው የቴአትሩ መነጽር ወረቀት ታስሮበት ተቀምጧል። ኤግዚቢት ነው።

"ተዋናዩ የመሰለው ማንን ነው?"

"እርስዎ ቴአትሩን አይተውታል?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ ሰው መምሰሉን በምን አወቁ?"

አልተቆጣም። እስክሪብቶውን በመነጽሩ ባዶ ክብ ውስጥ አስገብቶ አወጣው።

"ሁለት መንገድ አለህ" አለኝ። "የሰውየውን ስም ጻፍ፤ ዛሬ ቤትህ ግባ፤ የተዋናዩን ጉዳይ ፍርድ ቤት ያየዋል። ይህን ካልፈለግህ ተዋናዩ ማንንም አልመሰለም፣ ትወና አይችልም፣ ሕዝቡ የሳቀው በእሱ አለመቻል ነው ብለህ ጻፍ። ያኔ ጉዳዩ ይዘጋል። እሱም ይሄዳል፣ አንተም ትሄዳለህ። አስብበት።"

ወደ ግቢው ፀሐይ ሲያወጡን ሁሉንም ለተዋናዩ ነገርኩት። የዳሞታ ተራራ ጭጋጉን እስከ ወገቡ ገልጦ ከአጥሩ በላይ ይታያል። ተዋናዩ ማሰሪያ የሌለውን ጫማውን እያየ መለሰልኝ።

"ዕድሜዬን የተጫወትኩት ገበያ ላይ ነው። ለወባ፣ ለክትባት፣ ለሽንት ቤት። ሰው ትኬት ቆርጦ ያየኝ እሁድ ነው፤ የመጀመሪያዬ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኢሻ" አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው በወላይትኛ፤ "ስሙን ብትጽፍ አልፈርድብህም። አይችልም ብለህ ግን አትጻፍ።"

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ካቦው ቴአትሩ እንዲታይ አዘዘ። እኔ ገበሬው ሆንኩ። ተዋናዩ ሁለት ጣቶቹን ክብ ሠርቶ መነጽር አደረገ፤ ባዶ አየር ውስጥ ክራቫት ፈልጎ አገኘና መወልወል ጀመረ። ገና ሳይናገር ከበሩ ቀዳዳ በኩል የጥበቃው ፖሊስ ሳቅ ፈነዳ።

"እሱን እኮ ነው! ቁርጥ እሱን!" አለና የሰውየውን ስም ከነማዕረጉ ጠራ።

ቀዳዳው ተዘጋ። ካቦው እየተሳበ ወደ በሩ ሄዶ አንኳኳ።

"አባል! እባክዎ ይህችን ቃል እላይ ቢሮ ገብተው ያስመዝግቡልን!"

ሁላችንም የምናውቀውን ስም ደፍሮ የጠራው ፖሊሱ ብቻ ነበር።

ጠዋት መርማሪው ወረቀት ሰጠኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ተዋናዩ ጥሩ ተጫውቷል። ሁለተኛው ክፍል ረዝሟል። ማንን እንደመሰለ የተቆጣው ሰው ያውቃል።"

አነበበው። "ገጣሚ ነህ አሉ።"

"እሞክራለሁ።"

"እንግዲያው እዚህ ሆነህ ሞክር።" መለሱኝ።

ከዚያ በኋላ የሚጠራን ጠፋ። ካቦው ተፈታ፤ ሌላ ካቦ መጣ። የተዋናዩ ጸጉር ከፓውደሩ ጠርቶ ጥቁር ሆነ፤ ቀስ በቀስ ደግሞ እውነተኛው ሽበት ብቅ አለ። እኔን ሳል ያዘኝ። እርጥቡ ሲሚንቶ ደረቴ ውስጥ የገባ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ተዋናዩን ወስደው አቆዩት። ሲመለስ ከአጠገቤ ተቀመጠ።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው" አለ። "እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው መድረክ ላይ። ሁለታችንንም ይለቁናል። ከዚያ ወዲያ መድረክ አልወጣም ብዬ ፈርሜያለሁ።"

"ለእኔ ብለው ከሆነ ይቅር ጋሼ።"

"ላንተ ነው ማን አለህ? ሳልህ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።" ዞር ብሎ አምፖሏን አየ። "መጥተህ እይ። አስተያየትህን በኋላ ትነግረኛለህ።"

እኔን ይቅርታው በሚጠየቅበት ቀን ጠዋት ለቀቁኝ። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄድኩ፤ ልብሴ ይሸታል፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አዳራሹ ሞልቷል። ትኬት አልነበረም። ሰውየው ፊት ረድፍ ላይ ነው፤ ውኃው ተደርድሯል።

ተዋናዩ በዚያው በሚሰፋው ኮት ወጣ። እጆቹን እሆዱ ላይ አጣምሮ ቆመ። "አጥፍቻለሁ" አለ። ባልተገባ ሁኔታ ሕዝብ አስቄአለሁ፣ ታላላቆቼን አሳዝኛለሁ አለ። ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። ያን ጊዜ ቀና አለ። ከፊት ረድፉ በላይ ያለውን አምፖል አየ። አልጨፈነም። አሁንም አልጨፈነም። እንባው በሁለቱም ጉንጩ ወረደ።

ፊት ረድፍ ላይ ያለው ሰው ልቡ ተነካ። መነጽሩን አወለቀ። በክራቫቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ወለወለው።

ማንም አልሳቀም። ሙሉ አዳራሽ፣ አንድም ሰው።

ሰውየው መነጽሩን መልሶ አደረገና አጨበጨበ። ረድፉ ተከተለው። ከዚያ ሁሉም።

መድረክ መሪው በሰዓት ጥበት ምክንያት አስተያየት አንቀበልም አለ። እኔ ተነሥቼ እጄን አወጣሁ። ሰው በአጠገቤ እየተጋፋ ሲወጣ፣ ፊት ረድፉም ሲወጣ አላወረድኩም። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ እስክትመጣ እንደዚያው ቆምኩ። "ምን ፈለግህ የኔ ልጅ?" ስትለኝ ነው ያወረድኩት።

ተዋናዩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ጠበቀኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"እንዴት ነበር?"

"አልረዘመም" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አጠፈው። ለካስ ከሰው የተዋሰው የሙሽራ ኮት ነው፤ ሊመልሰው ነው።

ዛሬ ዲምቱ አካባቢ በቆሎ ያርሳል። እዚህ ሶዶ ስሙ "ያለቀሰው ሰውዬ" ነው። ጁስ ቤት ውስጥ ስሙ ሲነሣ ሁለት ጊዜ ተጣልቻለሁ። ይህን ለመጻፍ ስልክ ደውዬ ፈቃዱን ጠየቅሁት። "ጻፈው" አለኝ። "ብቻ አለቀሰ እንዳትል።"

እኔ አሁንም ቴአትር አይቀረኝም። አስተያየት መቀበል ግን ቀርቷል፤ ሁልጊዜ ሰዓት ይጠባል። አንዳንዴ ፊት ረድፉ እስኪቀመጥና መብራቱ እስኪጠፋ ያን አምፖል ዓይኔን ሳልጨፍን ለማየት እሞክራለሁ። ያቃጥላል። እንባ ግን አይመጣልኝም።