የቡሬውን ፎቅ ኤሌክትሪክ ማን ይሥራው?

ሥራ በጀመርሁበት ቀን፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ግማሹ የቀረ ሰው ፎጣ አንገቱ ላይ እንደ ጠመጠመ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። የሚፈልገው እኔን ነበር።

አለቃዬ ጋሽ ታፈረ የሚባሉ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነው። «የላይኛውን ፎቅ ብሬከር አጥፍተህ ና» አሉኝ። የማከፋፈያ ሳጥኑን ከፈትሁት። ስድስት ብሬከር ተደርድሯል፤ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። በግምት ሦስተኛውን ዝቅ አደረግሁት። የላይኛው ፎቅ መብራት እንደ በራ ቀረ። የቆመው የምድር ቤቱ ፀጉር አስተካካይ ማሽን ነው።

«ሠርግ ልሄድ ነው እኮ! ሚዜ ነኝ!» ይላል ሰውየው።

ጋሽ ታፈረ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ይቅርታ ጠየቁልኝ፤ ብሬከሩንም መልሰው አበሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ይህን ሳጥን የሠራው ሰው ከሱ በኋላ ሌላ ሰው እንደሚመጣ አላሰበም» አሉ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሰጡኝም። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋሁ የቱ የትኛውን ቤት እንደሚያበራ እየጻፍሁ ስለጥፍ ዋልሁ።

በረዳትነት ጀመርሁ፤ ኤሌክትሪሺያን ሆንሁ፤ ፎርማን ሆንሁ፤ በመጨረሻም የራሴን ፈቃድ አውጥቼ ተቋራጭ ሆንሁ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ገመድ ያልሳብሁበት መንደር ጥቂት ነው። ጉልበቴ መሰላል መውጣት እምቢ ሲለኝ ካቻቢቴዬን ሰቀልሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጠራኝ ለምክር ነው። ከምክር ሥራዬ ሁሉ ደስ እያለኝ የማወራው የደመላሽን ፎቅ ነው።

ደመላሽ የቡሬ እህል ነጋዴ፣ የልጅነት ወዳጄ ነው። ወደ ነቀምት በሚያስወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ አለው። ምድሩ የእህል መጋዘን፣ ላዩ አሥር የሚከራዩ ክፍሎች ነበሩ። መጋዘኑን ዳቦ ቤትና ሱቅ፣ ላዩን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው ተነሣ። ግንበኛውንና ቀለም ቀቢውን ቶሎ አገኘ። ጭንቅ የሆነበት ኤሌክትሪኩ ነው።

«ሦስት ኮንትራክተር መጥቶልኛል፤ አንተ ምረጥልኝ» አለኝ በስልክ። ቀጥሎ «አንዱ ግን ይበልጣል ነው» ሲል ጨመረበት።

ይበልጣል የእህቱ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ተጫዋች፣ ቅኔ ቤት ቆይቶ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ የዞረ ሰው ነው። የደመላሽ እህት ደግሞ ሥራው ለልጇ እንደሚሰጥ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች።

ሦስቱም ሕንፃውን እንዲያዩ በአንድ ቀን ቀጠርናቸው። የመጀመሪያው ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ኮት የለበሰ፣ ባለ ፒካፕ ነው። ባለ ቀለም ፎቶ የሞላበት ፋይል አሳየን፤ በሩብ ሰዓት ዞሮ ዋጋውን ሰጥቶን ሄደ። ይበልጣል መዞርም አላስፈለገው። «የአጎቴን ቤትማ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» አለ።

ሦስተኛዋ ብርቱካን የምትባል ሴት ናት። በባጃጅ መጣች፤ በትከሻዋ የመሣሪያ ቦርሳ፣ በእጇ ደብተር ይዛለች። ግማሽ ቀን ቆየች። ግድግዳ ታንኳኳለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች።

«ምድጃው ስንት ኪሎዋት ነው?» ብላ ደመላሽን ጠየቀችው።

«እኔ ምን አውቄ፤ ዳቦ ይጋግራል።»

«ሊጥ ማቡኪያውስ ከምድጃው ጋር አብሮ ይሠራል? ላይ ያሉት ክፍሎች የሻወር ማሞቂያ ይገባላቸዋል?»

የምድጃ ሻጩን ስልክ ከደመላሽ ተቀበለች። «ዋጋውን ከነገ ወዲያ አመጣለሁ» ብላ ሄደች።

«ይህች ሴት ሥራ አታውቅም» አለኝ ደመላሽ። «ያ ሰውዬ በሩብ ሰዓት ጨርሶት ሄደ፤ እሷ ግማሽ ቀን ውላ እኔኑ ትጠይቀኛለች።»

«ቆይ፣ አትቸኩል» አልሁት። «ሦስቱም ከዚህ በፊት የሠሩትን ሄደን እንይ።»

«ቱሪስት ሆንን በለኛ!» አለ። ቢሆንም በማግስቱ መኪናውን አሳጥቦ፣ ጥሩ ጋቢውን ደርቦ መጣ።

መጀመሪያ የሄድነው ፍኖተ ሰላም፣ ባለ ኮቱ ወደ ሠራው ሆቴል ነው። ባለቤቱ ሥራውን አመስግኖ አይጠግብም። እያወራን ሳለ ኩሽና ውስጥ ምድጃ ተለኮሰና የአዳራሹ አምፖሎች ሁሉ ፈዘዙ።

«ምን ሆነ?» አልሁት።

«ይህማ ሁልጊዜ ነው፤ ለምደነዋል።»

«ሰውየውን አልጠራችሁትም?»

«ስልኩን ቀይሮ መሰለኝ፤ አይነሣም» አለ ያለ ምንም ቅያሜ። ደመላሽ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ።

ቀጥለን ይበልጣል ገመድ ወደ ዘረጋበት፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሄድን። መሪጌታው በር ላይ ተቀበሉን። ስለ ይበልጣል ሥራ ስንጠይቃቸው ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «ይበልጣል ቸር ልጅ ነው። ብርሃንን ሰጠን፤ ጨለማንም አልነፈገን» አሉ።

«አየህ!» አለኝ ደመላሽ ደስ ብሎት። እሱ ሰሙን ይዞ ቀረ። እኔ ወርቁን አገኘሁት፤ መሪጌታም እንዳገኘሁት አውቀው ዓይናቸው ሳቀ። መብራቱ በበራ ቁጥር ይጠፋል ማለታቸው ነው። ሳጥኑን አስከፍቼ አየሁ። ገመዱ እዚህም እዚያም ተቀጣጥሎ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በናስትሮ ተጠቅልሎ ሽንኩርት ሽንኩርት አክሏል። መልሼ ዘጋሁት።

መጨረሻ ላይ ገጠር ገብተን ብርቱካን ወደ ሠራችበት ወፍጮ ቤት ደረስን። ባለ ወፍጮዋ ዱቄት በዱቄት ሆና ወጣች።

«ብርቱካን? ያቺን ነዝናዛ ነው የምትሉኝ?» አለች። ደመላሽ ጎሰም አደረገኝ።

«ምን አድርጋችሁ ነው?» አልኋት።

«ጤፍ የጫነ አህያ ደጄን ሞልቶት ወፍጮውን አስቆመችብኝ። ሞተሩ ይነዝራል አለችኝ። እኔ ስንት ዘመን ሲነዝረኝ የኖርሁት ጠባዩ መስሎኝ ነው! ጉድጓድ አስቆፍራ ግራውንድ የሚሉትን ቀበረችልኝ። እስኪ ይንኩት፤ ግድየለም፣ ይንኩት!»

ደመላሽ በትንሿ ጣቱ ጫፍ ነካው። ምንም የለም። በመዳፉ ደገመው። ከዚያ እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገውና ሳቀ። ሳጥኑን ስከፍተው እያንዳንዱ ብሬከር ስሙ ተጽፎበታል፤ ገመዱም በመልክ በመልኩ ታስሯል። ከዚያ ሳጥን ፊት ብዙ ቆምሁ። ደስ ይላል።

ስንመለስ «ብርቱካን ናት» አልሁት።

«እህቴን ምን ልበላት?»

«እውነቱን ንገራት።»

«ላንተማ ቀላል ነው። ያንተ ዘመድ ገመድ ነው» አለኝ። ከልቡ ተቆጥቶ ነበር፤ ግን የተናገረው ራሱንም አሳቀው። በማግስቱ ብርቱካን ዋጋዋን ስትልክለት ደውሎ ሥራውን ሰጣት። እህቱ ሁለት ሳምንት አኮረፈችው።

ይበልጣል ዕለቱኑ ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥ አለ።

«አያ ሙሉጌታ፣ ምን በደልሁዎት? ሥራዬን መሪጌታ እንኳ አመስግነውታል!»

«ምን ብለው?»

«ብርሃንን ሰጠን፤ ጨለማንም አልነፈገን ብለው ነዋ።»

«እስኪ ቀስ ብለህ ድገመው።»

«ብርሃንን ሰጠን...» አለ ይበልጣል ቀስ ብሎ። «ጨለማንም...» እዚያ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ብቻውን ተንቀሳቀሰ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥሁ፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ እኔው ራሴ ስናገረው ኖርሁ! ቅኔ ቤት የተቀመጥሁ ሰውዬ!» አለ። አብረን ስንስቅ ቆየን። ወጥቶ ሲሄድ ግን ፊቱ ላይ ሌላ ነገር አየሁ። በማግስቱ ማንም ሳይልከው ወደ ብርቱካን ሄዶ አብሬሽ ልሥራ አላት።

«መጀመሪያ ቱቦ ትቀብራለህ፣ ገመድ ትስባለህ» አለችው። «እኔ ሳላይ አንድም ገመድ አትቀጥልም።»

«እሺ» አላት። ብዙ ሰው ይህን እሺ አይልም። በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ገመድ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ፈትቶ እንደገና ዘረጋው፤ ብርቱካን አብራው ሄዳ ፈተሸችለት።

የምድር ቤቱ ሥራ ጥሩ ሄደ። አሁን የራሴን ነገር ልናገር።

የላይኛውን ፎቅ ገመድ ከብዙ ዓመት በፊት የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ለደመላሽ «የላዩን አታስነካው፤ እሱ ደኅና ነው» ብዬዋለሁ። እሱም አምኖኝ የምርቃቱን ቀን ቆርጦ ሰው ጠርቷል። አንድ ቀን ጠዋት ብርቱካን ሁለታችንንም ወደ ላይ ጠራችን። መለኪያዋን ይዛ አንድ ሶኬት ፈትታ ነበር።

«የሠሩት ሰው በዘመናቸው ጥሩ አድርገው ሠርተውታል» አለች፤ ወደ እኔ አላየችም። «ገመዱ ግን የተዘረጋው ለአምፖል ነው። ለሻወር ማሞቂያ ይቀጥናል። ግራውንድም የለውም። እንግዳ ገላውን ሲታጠብ ይነዝረዋል። እንዲህ እንዳለ ከሆነ የማሞቂያዎቹን ብሬከር እኔ አላበራም።»

ደመላሽ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ጆሮዬ ጋለ። ያን ሥራ እወደው ነበር፤ በመንገዱ ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ አየው ነበር። ልከራከር አፌን ከፈትሁና ሶኬቱን አየሁት። ሁለት ገመድ ብቻ ነው የወጣው። እውነቷን ነው።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «አውጪው።»

«አውቄዋለሁ፣ አያ» አለች፤ አሁን አየችኝ። «ከንጽሕናው ነው ያወቅሁት። አንድ ቦታ እንኳ ገመዱ አልተጣመመም።»

ፒንሳ ተቀብያት የመጀመሪያውን ገመድ ከግድግዳው የሳብሁት እኔው ነኝ። ደመላሽ ደግሞ የጠራውን ሰው ሁሉ በየቤቱ እየዞረ ምርቃቱ ተራዝሟል ሲል ሰነበተ። «በማን ምክንያት?» ሲሉት «በሙሉጌታ» ይላቸው ነበር። ገበያው ሁሉ ሲስቅብኝ ከረመ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልከፋኝም።

በምርቃቱ ቀን ጠዋት፣ እንግዳ ሳይገባ፣ ብርቱካን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አብሩት አለች። ምድጃው ተለኮሰ። ሊጥ ማቡኪያው ዞረ። አሥሩም ማሞቂያ ተከፈተ። እሷ የአምፔር መለኪያዋን ኃይል በሚያስገባው በእያንዳንዱ ዋና ገመድ ላይ እያሰረች ቁጥሩን ትጠራለች፤ ይበልጣል ይጽፋል። የሳጥኑን ጽሑፍ የጻፈው እሱ ነው፤ እንደ ብራና መጽሐፍ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «ምድጃ»፣ «ማቡኪያ»፣ «ክፍል አንድ» እያለ ወርዷል። ደመላሽ ደረጃውን እየወጣ እየወረደ «ላይም አልፈዘዘም! ታችም አልፈዘዘም!» እያለ ይጮኻል። ያኮረፈችው እህቱ የልጇን የእጅ ጽሑፍ አይታ እልል አለች። የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ ደመላሽ ቆርሶ ብርቱካንን አጎረሳት፤ ቀጥሎ እኔን። ትኩስ ስለ ነበረ አፌን አቃጠለኝ። እየሳቅሁ ዋጥሁት።

ብርቱካን ዛሬ ስድስት ባለሙያ ቀጥራ ታሠራለች፤ ይበልጣል ፎርማኗ ነው። ደመላሽ አንድም ቀን ምድጃው በመብራት ችግር ቆሞበት አልደወለልኝም፤ የሚደውለው ና፣ ዳቦ ውሰድ ሊለኝ ነው።

ሕንፃ የሚያድስ ሰው የትኛውን ኮንትራክተር ልያዝ ብሎ ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው። የሠራውን ቦታ ሄደህ እይ፤ የሚጠቀሙበትን ሰዎች አናግር፤ ሳጥኑን አስከፍት። ከዋጋው በፊት ጥያቄ የሚያበዛውን ያዝ። አንተ ደኅና ነው ያልኸውን ነገር ለክቶ ደኅና አይደለም ካለህ ሥራውን ለሱ ስጠው።