ከኮፈኑ ሥር የተገኘው ጠብታ

ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ የሰማሁ መሰለኝ። «መካኒኩ፣ መኪናዋ ዛሬም እምቢ አለች» አሉኝ። ደዋዩ ላገባት የምፈልጋት ልጅ አባት ናቸው። እዚህ ሆላንድ፣ ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር ካለው ጋራዤ በር ላይ ቆሜ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ድሮም ደሜ ቶሎ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ባሕር ዳር ባለችው በዴን ሃግ ከተማ የሚኖሩ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ያውም ሆግቭሊት ባለችው ትንሽ ጉባኤያችን ጊታር የምመታ። ልጃቸው ሽማግሌ ልልክ እንደሆነ ስትነግራቸው እሺም እምቢም አላሉም። «መካኒክ አይደል እንዴ? መጀመሪያ መኪናዬን ያስነሳልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አሏት። እሷ እዚህ ያደገች፣ አባቷን «አንተ» የምትል ልጅ ናት። በዚህ ጉዳይ ግን ፍንክች አትልም። «አባዬን አስቀይሜ አላገባህም» አለችኝ፤ የምሬን ነው ለማለት በሆላንድኛም ደገመችልኝ። እንግዲህ ትዳሬ በአንዲት አሮጌ ቀይ ስፖርት መኪና ላይ ተንጠለጠለ።

መኪናዋ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ዝቅተኛ ነገር ናት። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ለራሳቸው የገዙት እሷን ብቻ ነው። ማለዳ ቁልፉ ሲዞር ታስነጥሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ጸጥ ትላለች። ተጭና እኔ ጋ ስትደርስ ግን ምንም እንዳልነካት ባንዴ ትነሳለች። ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚሻለው በሽተኛ አታውቁም? እንደዚያ ናት። ለመካኒክ ከዚህ የባሰ ጣጣ የለም።

በመጀመሪያው ጊዜ ነዳጁን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች በሙሉ ቀየርኩ። ኤሌክትሪኩን የሚያበረታውን ኮይል ለካሁት፣ ደህና ነው። መብራቱን አጥፍቼ ሞተሩን አስነሳሁና ከገመዶቹ ውስጥ ብልጭታ የሚያፈስ ካለ አየሁ፤ የለም። በሁለተኛው ጊዜ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ጠረጠርኩ። ዲስትሪቢውተር ማለት ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ በየተራ የሚያድለው ዕቃ ነው። ክዳኑ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበረበት። አገኘሁት ብዬ በደስታ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ፤ አዲስ ገጠምኩላት፣ ወስጄም አስረከብኩ። በማግስቱ አልነሳ አለች፤ ሰውዬውም በዚያ በሦስተኛው ስልክ «እጅህን አልወደደችው ይሆን?» አሉኝ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በሦስተኛው ጊዜ እንዳትነካ፣ እንዳትጫን አልኩና ራሴ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ዛሬ ካልሆነ አለቀልኝ እያልኩ ነዳሁ። ከቤታቸው ሥር ባለው ጋራዥ ቆመው ይጠብቁኛል፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። ኮፈኑን ከፈትኩ። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ገለበጥኩት።

ውስጡ ውሃ አለ።

ዝናብ እንዳልል ጋራዡ ጣራ አለው። የባሕር እርጥበት ነው እንዳልል የኮፈኑን ሆድ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ጠብታው ያለው ከላይ ከላይ ነው፤ በሞተሩ አናት፣ በገመዶቹ ሥር፣ በዲስትሪቢውተሩ ዙሪያ። እንግዲህ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ረጭቶታል ማለት ነው። ውሃው ብልጭታውን ያጠፋል፤ ተጭና እኔ ጋ እስክትደርስ ግን ይደርቃል። ቀና ስል መደርደሪያው ላይ፣ ከዘይቱ አጠገብ፣ ግማሹ ያለቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ አየሁ። በእስክሪብቶ መስቀል ተሥሎበታል። ጠበል ነው።

በሽታው ጠበሉ ነው ብል ጴንጤው ሃይማኖቴን ሰደበ ይሉኛል። ዝም ብል መኪናዋ ዕድሜ ልኳን አትነሳም፣ እኔም ሽማግሌ አልልክም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ክዳኑን በጨርቅ መወልወል ጀመርኩ።

«እንግዲህ አቅቶሃል ማለት ነው» አሉኝ ከኋላዬ።

«አላቃተኝም ጋሼ! የሚያበላሿት እርስዎ ነዎት፣ በዚህ ውሃ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሳቸው ጠርሙሱን አንስተው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ጠበሉን ማለቴ ነው» አልኩ።

«ለእናንተ ውሃ ነው፣ አውቃለሁ።» አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ለመኪና ብዬ መሰለህ የምረጨው? ልጄ ልቧ አንተ ዘንድ ነው። እኔን ፈርታ አትናገርም እንጂ ማታ ማታ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ሳልባርክህ ልሰጥህ አልችልም። ና ጠበል ልርጭህ ብልህ ደግሞ አትመጣም።»

«ታዲያ ሞተሩ ላይ ምን ያደርጋል?»

«እጅህ የሚገባው እዚያ አይደል? እጅህ በሚነካው ሁሉ ረጨሁልህ። አልነሳ ስትል ጊዜ፣ አንዳች ነገር ቢከለክል ነው ብዬ ጨመርኩበት።»

ልስቅ ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠላቴ ናቸው ብዬ ስብከነከን፣ ሰውዬው ለካ በየማለዳው ተነስተው በድብቅ ይባርኩኝ ነበር። አፈርኩ። ፓስተራችን ቢሰማ ምን ይላል የሚለውም መጣብኝ፤ ተወው፣ ይበል አልኩ። ግራሶ የጠጡ ሁለት እጆቼን ዘረጋሁላቸው።

«እጄ ላይ ያፍስሱት። እሷን ግን ይተዉልኝ።»

ጠርሙሱን ከፈቱ። በስመ አብ ብለው መዳፌ ላይ አፈሰሱ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ እስከ ክርኔ ወረደ። ጠርሙሱን ከድነው ቦታው አስቀመጡ።

«ሽማግሌዎችህን እሁድ ላካቸው» አሉኝ ሳያዩኝ። «ከቅዳሴ በኋላ ግን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሼ አለቀስኩ፤ እሳቸውም እንዳላዩ ሆነው ወደ በሩ ሄዱ።