አሰላለፉን የማወጣው እኔ ነኝ

የኮሌጅ እግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ መሆን ምኑ ያጓጓል ይሉኛል። ሜዳችን ቀበና ወንዝ ዳር ነው፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ትልቅ ክለብ ሲጠራኝ ግን እምቢ ብያለሁ፤ እዚያ አሰላለፍ የሚያወጣው ኮሚቴ ነው። የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ ማክሰኞ ጠዋት እንጦጦን ሮጦ ያልወጣ ቅዳሜ አይሰለፍም።

በቀደም የኮሌጁ ዲን፣ ቡድኑ ውስጥ ያለውን የወንድማቸውን ልጅ እንዳሰልፍ አዘዙኝ።

«ልጁ ማክሰኞ አልመጣም» አልኳቸው።

«ቦታህን የሚፈልግ ሞልቷል!» አሉኝ።

«የሚፈልገው ይምጣና ከእኔ ጋር እንጦጦን ይውጣ፤ ከቀደመኝ ቦታው የእሱ ነው።»

ቅዳሜ አሰላለፉን ያነበብኩት እሳቸው ፊት ቆሜ ነው። የልጁ ስም አልነበረበትም። ነገ ቢያባርሩኝም ያቺን ቅዳሜ አይቀሙኝም።