ጀርባዋን የሰጠች አህያ

በካንፑር ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ጠባብ ሰፈር፣ ኡርሚላ ባጅፓዪን የማያውቅ ወላጅ አልነበረም። ባሏ ሲሞት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁን ትቶላት ነበር፤ ያኖራት ግን እርሳስና ላጲስ አይደለም። ያኖራት የልጆች የቤት ሥራ ነው።

ትምህርት ቤቶች ለሙቀቱ ወራት ሲዘጉ መምህራኑ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን አይሸኟቸውም። መጽሐፍ አንብበው፣ ያነበቡትን በእጃቸው ሠርተው እንዲመጡ ያዟቸዋል፤ አንዱን ዓመት አሻንጉሊት፣ ሌላውን ዓመት በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚቆም ትንሽ መድረክ። ልጆቹ በአያቶቻቸው ቤት ማንጎ ሲበሉ ይከርማሉ። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው እናቶቻቸው መጽሐፉን ሳይሆን የመጽሐፉን ስም ይዘው ከኡርሚላ ደጃፍ ይሰለፋሉ።

ሙያዋ ማሳመሩ ላይ አልነበረም። አሳምሮ የሚሠራ በከተማው ሞልቷል። የእሷ ሙያ ማበላሸቱ ላይ ነበር።

«ውይ እትዬ ኡርሚላ፣ ይሄ እኮ ከመጠን በላይ አማረ!» አለቻት አንድ ቀን ወይዘሮ ማልቪካ፣ የሐኪሙ ሚስት፣ ለልጇ የተሠራውን መድረክ እያገላበጠች። «የኔ ልጅ እንኳን ቤት ሊሠራ የጫማውን ክር አያስርም። ቲቸሯ የምታምን ይመስልዎታል?»

«ቆይ፣ አበላሽልሻለሁ» አለች ኡርሚላ። ብሩሹን ወደ ግራ እጇ አዛውራ የቤቱን መስኮት አዛነፈችው። ከዚያ የቀኝ አውራ ጣቷን ሙጫ ነክራ በካርቶኑ የታችኛው ጥግ ላይ ተጫነች። «ይኸው፤ አሁን ስምንት ዓመት ሆነው።»

«እርስዎ እኮ ለሰይጣንም የልጅ ፊት ይሠሩለታል!»

ሴቶቹ ሳቁ። በዚያ ሰፈር ይህን ነገር ውሸት ብሎ የጠራው ሰው የለም። ኡርሚላ ራሷ «እኔ ካርቶን ሻጭ ነኝ፤ የሚያስረክቡት እነሱ ናቸው» ትል ነበር፤ እጁ የሠራውን አፉ የማይቀበል ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ሆኖም ዕቃውን ለልጁ ስታስረክብ አንድ ምክር አትነፍገውም። «ማን ሠራው ካሉህ ራሴ በል። ዓይንህን እንዳትሰብር።»

የዚያ ዓመት መጽሐፍ ስለ አንድ ሸክላ ሠሪና ስለ አህያው ነበር። ኡርሚላ አላነበበችውም፤ አንብባም አታውቅም። እናቶቹ «አህያ አለ፣ ማሰሮ አለ፣ ወንዝም አለ መሰለኝ» አሏት፤ በቃት። ለሁሉም ያንኑ አህያ ሠራች፤ ጆሮው የቆመ፣ ጥርሱ የሚታይ፣ ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረ።

ጋርጊ የልጇ ልጅ ናት። ወላጆቿ በሌላ ከተማ ስለሚሠሩ ከአያቷ ጋር ታድጋለች፤ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ የምትማረውም ከማልቪካ ልጅ ጋር ነው። የአምናውንና የካቻምናውን የቤት ሥራ የሠራችላት ኡርሚላ ነበረች። ዘንድሮ ግን ልጅቱ የጫማ ካርቶኗን አቅፋ፣

«እማማ፣ የኔን እንዳትነኪው» አለቻት።

«ምነው፣ እጄ ሸተተሽ?»

«አንብቤዋለሁ። አንቺ አላነበብሽውም።»

ኡርሚላ ሳቀችባት። ጋርጊ ግን ከጣሪያው ማራገቢያ ሥር ቁጭ ብላ ሠራች። አያቷ ከሥራ በፊት እጇን ስትታጠብ አይታለችና ወረቀት በነካች ቁጥር ታጠበች። ሙጫ ሲንጠባጠብ ጠረገችው፤ የአህያዋ እግር ሲሰበር ጥላው ሌላ ቆረጠች። ስትጨርስ መድረኩን አምጥታ ከባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሰማያዊ ወረቀት ወንዝ ሆኗል፤ አህያዋ በዳርቻው ቆማ ለተመልካች ጀርባዋን ሰጥታለች።

«ፊቷ የት ሄደ?» አለች ኡርሚላ።

«አፍራ ነዋ! የሰውየውን ማሰሮዎች በሙሉ መንገድ ላይ ሰብራ ወንዝ ዳር ሄደች። ሰውየው አልተቆጣም፤ በስሟ ጠራት። እሷ ግን አልዞረችም። መጽሐፉ የሚያሳዝነው እዚያ ጋ ነው።»

ኡርሚላ አህያዋን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተቻት። እሷ ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ የሠራችው አህያ ጥርሱን እያሳየ ነው።

«አንዱ ጆሮዋ ረዝሟል» አለች በመጨረሻ። ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና መሆኑን ጋርጊ ታውቃለች፤ ፈገግ አለች።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ወላጆች የልጆቹን ሥራ እንዲያዩ ተጠሩ። መድረኮቹ በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። የጋርጊ ብቻ ከመምህርቷ ጠረጴዛ ሥር፣ ከዣንጥላዋ አጠገብ ተቀምጧል። መምህርት ኒሃሪካ ወጣት ናት፤ ክፉም አልነበረችም።

«እትዬ ኡርሚላ፣ ሙያዎን ሁላችንም እናደንቃለን» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን የልጅቷን ለልጅቷ ቢተዉላት ምን ነበረበት?»

«እሷው ናት የሠራችው።»

«ሁሉም ወላጅ እንዲያ ነው የሚለኝ።» ወደ መደርደሪያው ጠቆመች። «እነዚህን ይዩልኝ። መስኮቱ ዘምሟል፤ ጥጉ ላይ ሙጫ የነካው ጣት አርፏል። የልጅ እጅ ያስታውቃል። ይሄ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ የለበትም። ደግሞ አህያ ከነጀርባዋ! ይህ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሐሳብ ነው?»

«ቲቸር፣ አንብቤው እኮ ነው» አለች ጋርጊ።

መምህርቷ መጽሐፉ ምን እንደሚል ብትጠይቃት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አልጠየቀቻትም። በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ቀን፣ ስለ መጽሐፉ የተጠየቀ አንድም ልጅ የለም።

ኡርሚላ መደርደሪያውን አየች። በየካርቶኑ ጥግ ላይ የራሷ አውራ ጣት ተቀምጧል፤ የስምንት ዓመት ልጅ የማይኖረው ሰፊ አውራ ጣት። ልጅቱን ለማዳን ጣቷን ካንዱ አጠገብ አስቀምጣ «ይህ የኔ ነው፤ ያም የኔ ነው፤ የኔ ያልሆነው ከጠረጴዛው ሥር ያለው ነው» ማለት ይበቃት ነበር። ከኋላዋ የሴቶቹ ወሬ ተቋረጠ።

«እትዬ፣ የኔ ልጅ እኮ ለሽልማት ታጭቷል…» የሚል ሹክሹክታ ከጆሮዋ ገባ። ማልቪካ ነበረች።

ኡርሚላ አውራ ጣቷን በሳሪዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

«ልጅ አይደለች…» አለች መምህርቷን ሳታይ። «ትንሽ ረድቻት ይሆናል።»

ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ዓይንህን እንዳትሰብር» ስትል የኖረች ሴት፣ እውነት በእጇ በገባችበት ቀን ዓይኗን የሰበረችው እሷ ሆነች። ሽልማቱን የማልቪካ ልጅ ወሰደ።

ወደ ቤት በሚመልሳቸው ባለ ሦስት እግር ሪክሾ ላይ ጋርጊ ካርቶኗን በጭኗ ይዛ መንገዱን ታያለች።

«ጣፋጭ ልግዛልሽ?»

«አልፈልግም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት…»

«ምኑን ነው የረዳሽኝ?»

ኡርሚላ ባለ ሪክሾውን ቀስ በል ብላ ተቆጣችው፤ ሰውየው ግን ያን ጊዜም ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።

የጋርጊን መድረክ ከሱቁ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። የመብራት በዓል ዕረፍት ሲቃረብ፣ ሁለተኛው የመጽሐፍ የቤት ሥራ ሲታዘዝ፣ ማልቪካ መጥታ አየችው።

«ይቺን አህያ ለታናሽየዋ ልጄ ይስጡኝ፤ ለሌላ መጽሐፍም ትሆናለች።»

«አልሰጥም።»

«አሃ! ጨከኑብኝ? ለምን?»

«የኔ ሥራ ስላልሆነች» አለች ኡርሚላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ጋርጊ ናት የሠራቻት። ብቻዋን! እኔ ጣቴንም አላስነካሁባት።»

ጋርጊ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ይሄንን ለቲቸር ነበር የምትነግሪያት» አለች።

ቁጣ አልነበረባትም። ገብታ አንድ ባዶ የጫማ ካርቶንና ገና ያልተገለጠ አዲስ መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው?» አለች ኡርሚላ።

«የቤት ሥራ። ሥሪልኝ።»

«አታነቢውም?»

«የሚያነበው የለም እኮ፣ እማማ።» ቦርሳዋን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ከመግባቷ በፊት ግን ዞር አለች። «አውራ ጣትሽን እንዳትረሺ።»

ኡርሚላ ሠራችው። እንደ ልማዷ እጇን ታጥባ፣ ቆርጣ፣ አጣብቃ፣ መስኮቱን በግራ እጇ አዛነፈችው። አውራ ጣቷን ሙጫ ነክራ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ በካርቶኑ ጥግ ላይ ተጫነች። መምህርት ኒሃሪካ ከፊት አስቀመጠችው፤ ለክፍሉም «የልጅ ሥራ ማለት እንዲህ ነው» ብላ አሳየችው። ጋርጊ ማን ሠራው ተብላ ስትጠየቅ «ራሴ» አለች፤ ዓይኗንም አልሰበረችም።