የጋሼ ዱጋሳ ብርብራ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም በየዓመቱ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህችን ዘልያታለሁ። አሁን የምነግራችሁም ደፍሬ አይደለም፤ የበደልኩት ሰው ሞቶ ፊቱን ከማየት ስለዳንኩ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

መቱ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ወደ ሶር ወንዝ እወርድ ነበር። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ ጋሼ ዱጋሳ ናቸው፤ ከወንዙ በላይ ትንሽ የቡና መሬት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። ጥላህ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ፀሐይን ፊት ለፊት ያዝ፤ መንጠቆውን ከድንጋዩ በላይ ጣልና ውሃው ራሱ ይዞት ይውረድ፤ ክሩ መጀመሪያ ሲነካ አትጎትት፣ ዓሣው ገና እየቀመሰ ነው ይሉኛል። እኔ ግን እጎትታለሁ። «ሱታ፣ ኢልማ ኮ፣ ሱታ!» ቀስ በል ልጄ ማለታቸው ነው። ቀስ ማለት አልፈጠረብኝም።

ሰባት አጥማጆች ነበርን፤ ሕጋችንን ያወጡትም እሳቸው ናቸው። በክረምት ዓሣው እንቁላል ስለሚጥል እስከ መስቀል መንጠቆ ውሃ አይነካም። ከስንዝር ያነሰ ዓሣ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ኩሬ ውስጥ የበተነ ሰው መንጠቆም ትዕግሥትም አያሻውም፤ ዓሣው ትንሽ ትልቅ ሳይል ሰክሮ፣ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ያን ያደረገ ዳግመኛ ሶር አይወርድም።

እኔ አደረግሁት። ለምን? ርቦኝ? አልራበኝም። አማቴ ከኖፓ ሊጠይቁን ሊመጡ ነበርና «በእጄ ያጠመድኩትን አበላዎታለሁ» ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ። ሁለት ቅዳሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አርብ ዕለት ጋሼ ዱጋሳ ቤት ሄድኩ። ለቡናቸው ጥላ የሆነው ብርብራ ፍሬውን አራግፎ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ያን ዓመት ያፈራ ሌላ ዛፍ አልነበረም። እሳቸው በሌሉበት ለቅሜ ቦርሳዬን ሞላሁ። ስወጣ ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ «ቦርሳህን ክፈት፣ አቮካዶ ልጨምርልህ» አሉኝ። እንዴት ልክፈተው? ቦርሳዬን በጀርባዬ አድርጌ አቮካዶውን ታቅፌ ሄድኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፍሬውን ወቅጬ የምናጠምድበት ኩሬ ላይ በተንኩት። ስድስት ትልልቅ ዓሣ መርጬ ወሰድኩ፤ አማቴም ጣታቸውን እየላሱ በሉ፣ ባለሙያ ነህ ብለው መረቁኝ። ጣት የማያክሉት ጫጩቶች ኩሬው ዳር ነጭ ሆነው ቀሩ። ጓደኞቼ ያገኙት እነሱንና የብርብራውን ገለባ ነው።

እሑድ ከሰዓት ተሰበሰብን። በእኛ ልማድ ሁሉም ሰው መሬት ላይ የተጋደመ የማጥመጃ ዘንግ እየተሻገረ ይምላል። ተሻገርኩ። «እኔ ከሆንኩ ዘሬ አይብቀል» አልኩ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጄ በሰላም ተወለደ፣ ዛሬም ደህና ነው፤ በዚያ እንኳ አልተቀጣሁም።

ጋሼ ዱጋሳ ዘንጉ ጋ ደርሰው ቆሙ። ጴንጤ ናቸውና አይምሉም። «ዛፉ የእኔ ነው። የለቀመው እጅ ግን የእኔ አይደለም። መሐላን ደግሞ መጽሐፉ ከልክሎኛል» አሉ። የዋሸው ምሎ ነጻ ወጣ፤ እውነተኛው አልምልም ብሎ ተጠረጠረ። ጉምጉምታው ሲበረታ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ታውቀኛለህ፣ ኢልማ ኮ። ንገራቸው እንጂ።»

ታውቀኛለህ! አዎ፣ አውቃቸው ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

ባወጡት ሕግ ራሳቸው ከወንዙ ተባረሩ። ቤታቸው ደጃፍ ላይ የውሃው ድምፅ ይሰማል፤ ያን እየሰሙ ኖሩ። እኔ በየቅዳሜው በደጃፋቸው እያለፍኩ ወረድኩ፤ ሰላምታዬንም አንድ ቀን አልነፈጉኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሃያ ዓመት አደረ፤ አልጠራም፤ እኔ ነኝ ያጨለምኩት።

ባለፈው ዓመት ሞቱ። በቀብራቸው ላይ እትዬ ጫልቱ «እንደ ልጃቸው ነበርክ፣ አንተ ተናገርላቸው» አሉኝ። ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም ሳያስገድደኝ እንዲህ አልኩ፦ «ጋሼ ዱጋሳ ደግ ሰው ነበሩ። ሰው ናቸውና አንድ ቀን ቢሳሳቱ፣ እኛ አጥማጆቹ ይቅር ብለናቸዋል።»

ሕዝቡ አሜን አለ። እትዬ ጫልቱ እያለቀሱ እጄን ሳሙኝ፤ ያንኑ ፍሬ የለቀመውን እጅ።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታውን ምንም ላላጠፋ ሰው ሰጥቼ ጨርሼዋለሁ።