ሠላሳ ስድስት ሽቦ ለአንድ ጎማ

ሆሳዕና ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን ሰው ሁሉ የጎማ ሽቦ በዓይኑ እንደሚለካ ይምላል። እኔም አምኜ ነበር። ማመኔን ያቆምኩት ዳምቦያ ገበያ መሃል፣ አፌ አቧራ ሞልቶ፣ የፊት ጥርሴ ጫፉ ተሸርፎ ነው።

የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከሥራ መልስ ደግሞ በከተማችን የወጣቶች ሰርከስ ቡድን ውስጥ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት እነዳለሁ። ብስክሌቱን ሊያሠለጥነን የመጣ ሰው ነው ትቶልን የሄደው። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፣ ሰንሰለት የለው፤ ፔዳሎቹ የተገጠሙት ጎማው መሃል ካለው ሞዞ ጋር በቀጥታ ነው። አንድ ቀን ከዱራሜ ስንመለስ የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ የድንች ጆንያ ጫነበትና ቸርኬው እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠማዞ ወረደልን።

“ምን ይሆናል ብዬ፣ ብረት አይደል እንዴ?” አለን ረዳቱ።

አዲስ ቸርኬ ከአዲስ አበባ አስመጣን። እሱም እንደ ድሮው ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ አለው፣ ቅርጹ ግን ስለሚለይ የድሮዎቹ ሽቦዎች አልደረሱም። ስለዚህ አዲስ ሽቦ መምረጥ ግድ ሆነ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሽቦው ከሞዞው ተነስቶ ቸርኬው ላይ በምትጠብቀው ትንሽ ዳዶ ውስጥ ይገባል። ካጠረ ዳዶዋ የሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን ጥርስ በደንብ አትነክስም። ከረዘመ ደግሞ ወይ ዳዶዋ ሳትጠብቅ ጥርሱ ያልቃል፣ ወይ ጫፉ ወጥቶ አየር የሚይዘውን ከመነዳሪ ይበሳል። ልዩነቱ የሁለትና የሦስት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው ዓይን የማይበቃው።

መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ስመ ጥር ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውየው ቸርኬውን አንዴ ገልመጥ አደረገና ከሳጥኑ ሁለት እስር ሽቦ አወጣ። አንደኛው እስር ከሌላው አጠር ይላል።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ አይለካም?” አልኩት።

“አንቺ ልጅ፣ እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ጎማ እሠራለሁ። አጭሩ በቀኝ፣ ረጅሙ በግራ። ሁልጊዜም እንደዚህ ነው።”

“ለምን ይለያያል?”

“ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ ያለው በቀኝ በኩል ነዋ!”

“የቱ ጥርስ? ይሄ እኮ ሰንሰለት የለውም።”

እጁ ላይ ያለውን ሞዞ አየው። ሁለቱም ጎኑ እኩል መሆኑን ሲያይ እኔ እሱን አየሁት። ማየቱን በእርግጠኝነት አውቃለሁ።

“ቢሆንም” አለኝ።

እንዲህ ያለ መልስ የለመድኩት የቤት ሥራ ሳይሠሩ ከሚመጡ ልጆች ነው። ከዚያ አጠገቡ ወደተቀመጠው ጫማ ሰፊ ዞር አለና በሃዲይኛ “ይቺ የተማረች ናት፣ ጎማም በመጽሐፍ የሚሠራ ይመስላታል” አለው፤ ሁለቱም ሳቁ። ቤተሰቦቼ ጉራጌዎች ናቸው። እኔ ግን ሆሳዕና ተወልጄ ከሃዲያ ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ያደግኩ ስለሆንኩ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። የዳምቦያው ትርዒት ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና፣ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ የሠራውን ጎማ አንጠልጥዬ ወጣሁ። እሱን ስንቀው ለራሴም ትንሽ ንቀት ማስቀረት ነበረብኝ።

ዳምቦያ ላይ ጎማው ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ የፍሬሙን እግር ይነካ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር እየተፋጨ አዞረኝ። በሁለተኛው ዙር፣ አስተዋዋቂያችን በድምፅ ማጉያው “አሁን ደግሞ በፍጥነት!” ብሎ ሲጮህ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ አልቆምኩም። ሰዉ የትርዒቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ብቻ በጆግ ውሃ ይዘው መጡና አፌን እያጠቡልኝ “ልጄ፣ ሁለተኛውን ጎማ ቶሎ አስገጥሚበት” አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚያ ብስክሌት ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የእሳቸው ይሻል ነበር።

ጥርሴን ያየው ታላቅ ወንድሜ ነገሩን ተረከበ። ወንድሜ ኢንጂነር ነው፤ ኢንጂነር መሆኑን የማያውቅ ሰው ሆሳዕና ውስጥ የለም፣ እሱ ነግሯቸዋል።

“በዓይን! በዚህ ዘመን!” አለ ስልኩን እያወጣ። “ይሄ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው፣ ላስረዳሽ።”

ጂኦሜትሪ የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን ተቀምጬ ተማርኩ። ሜትሩን ከቸርኬው የውጭ ጠርዝ እስከ ማዶኛው የውጭ ጠርዝ ዘረጋ። የሞዞውንም ለካ፣ ቁጥሮቹን ስልኩ ውስጥ አስገባ።

“ሁለት መቶ አርባ ሰባት ነጥብ ዜሮ ስምንት ሚሊ ሜትር” ብሎ አነበበልኝ።

“ሽቦው ግን የሚያልቀው ውስጥ፣ ዳዶዋ የምትቀመጥበት ላይ አይደለም እንዴ? አንተ የለካኸው ጎማው የሚቀመጥበትን ጠርዝ ነው።”

“ነጥብ ዜሮ ስምንት ድረስ እያወጣልሽ!” አለኝ። በእሱ ቤት ከነጥብ በኋላ ሁለት ቁጥር ያለው ነገር አይሳሳትም።

ሽቦዎቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። ብንገጥማቸው አሥራ አምስት ሚሊ ያህል ረዘሙ፤ ቸርኬው ውስጡ ጃርት መሰለ።

“አቅራቢው ነው የተሳሳተው” አለ ወንድሜ።

አንዱን ሽቦ አንስቼ እፊቱ ለካሁት። ልክ ሁለት መቶ አርባ ሰባት። ትንሽ አሰበና “እንግዲያው ሞዞው ስታንዳርዱን የጠበቀ አይደለም” ብሎ ወደ ቢሮው ሄደ።

ከዚህ በኋላ የሰው ትምህርት በቃኝ። ከተበላሹት ሽቦዎች ሁለቱን አሳጠርኩ፤ ጫፋቸው ላይ ዳዶ አስገብቼ ቸርኬው ላይ ትይዩ በሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ከተትኳቸውና መሃል ላይ ወጥሬ አገናኘኋቸው። ከዚህኛው ዳዶ እስከዚያኛው ዳዶ ለካሁ፤ አራት መቶ ዘጠና ሚሊ። ሌላ ሁለት ቦታ ላይ ደገምኩት፣ አልተለወጠም። ከዚያ የወንድሜን ስልክ ተዋስኩ፤ ስልኩ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፣ የሰጡትን ነው የሚያሰላው። አዲሱን ቁጥር ከሞዞው ልኬት ጋር ሳስገባበት ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ሚሊ አለኝ። ለግራም ለቀኝም እኩል።

ሁለተኛዎቹ ሽቦዎች ሲመጡ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ ማንንም ሳላማክር ሠራሁት። የእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ዳዶዋ ውስጥ ልኩ ላይ ደርሶ ቆመ፤ አልወጣም፣ አልጎደለም። ጎማው ሲሽከረከር ወዲህም ወዲያም አይልም። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት።

“አየሽ፣ ስልኩ ልክ ነው ብዬሽ ነበር” አለኝ።

ለእሱ የሚሆን መልስ እያዘጋጀሁ ነፋስ መንፊያውን አነሳሁ። አልገባ አለኝ። አየር የሚገባበት የቫልቩ ቀዳዳ ላይ ሁለት ሽቦዎች ተጠላልፈውበታል፤ በዚያ ክፍተት እንኳን መንፊያ ጣቴም አያልፍም። ጀምሬ ሳስገባ ከየትኛው ቀዳዳ መነሳት እንዳለብኝ አላሰብኩም ነበር። ያ ሁሉ ልኬት፣ ያ ሁሉ ኩራት፣ እና ሊነፋ የማይችል ጎማ። ወንድሜ ሳቁን ለመያዝ አልሞከረም። ቢሞክር ኖሮ ይበልጥ እናደድ ነበር።

ሰኞ ወደ መናኸሪያው ወሰድኩት። ጠጋኙ ጎማውን አሽከርክሮ አየ፤ ሽቦውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ።

“ርዝመቱ ልክ ነው። ማን ለካው?”

“እኔ።”

“ከቫልቩ ግራና ቀኝ ያሉት ሽቦዎች መራራቅ አለባቸው። ሲጀመር ከዚያ ነው የሚጀመረው” አለኝ። ከዚያ ወደ ጫማ ሰፊው ዞሮ በሃዲይኛ “ለካችው እኮ፣ አልገመተችም” አለው።

“እሰማለሁ” አልኩት በራሱ ቋንቋ።

እጁ ጎማው ላይ ቀረ።

“ያን ቀንም ትሰሚ ነበር?”

“እያንዳንዷን ቃል።”

ይቅርታ አልጠየቀኝም። የመቀመጫ ዱካ በእግሩ ገፋ አደረገልኝ፤ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ስድስቱንም ፈትተን ከቫልቩ ጎን ጀምረን እንደገና አስገባናቸው። እጁ ፈጣን ነው፣ ይሄን አልክድም። እኔ አንድ ሳስገባ እሱ ሦስት ያስገባል። ልንጨርስ ስንል አንድ ሰው የሕፃን ብስክሌት ይዞ መጣና ሽቦ ፈለገ፤ ጠጋኙ ብስክሌቱን አንዴ ገልመጥ አድርጎ ከሳጥኑ አንድ እስር አወጣለት። እኔን ግን አላየኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሾኔ ላይ ትርዒት አሳየን። ጎማው ድምፅ አልነበረውም። ሁለት ዙር በፍጥነት፣ አንድ ዙር ወደ ኋላ፣ ከዚያ በአንድ እግር። ከዳምቦያ ወዲህ ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር ጥርሴን እነክስ እንደነበር የገባኝ ያን ቀን መንጋጋዬ ሲላላ ነው። ወንድሜም አብሮን መጥቶ ነበርና አጠገቡ ላሉት “ስሌቱ የእኔ ነው” ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ትርዒቱ ሲያበቃ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ቀርቦ ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየው።

“ጎበዝ ነሽ! ማን ሠራልሽ?”

“እኔ።”

“አይ፣ መንዳቱን አይደለም። ጎማውን ማለቴ ነው፣ ማን ሠራልሽ?”

“ጎማውን እኔ።”

ጥሩ ቀልድ እንደሰማ ሰው ሳቀልኝ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ፣ ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ የቆመውን ባለሙያ መፈለግ ጀመረ። ኮርቻው ላይ ወጣሁና እዚያው እየፈለገ ትቼው ሄድኩ።